ከደሴ ወደ ደሴት፦ የትኛው የጀልባ መስመር ለማን ይሻላል?

ጥርና ሚያዝያ ሲቃረቡ ስልኬ አያርፍም። ሠርግ የደገሱ የሰፈር ልጆች ናቸው የሚደውሉት። "ለጫጉላ ዛንዚባር ይሻላል ወይስ ሲሼልስ?" ይሉኛል። ፒያሳ ቡና ላይ ከተገናኘን ደግሞ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳዩኛል። ነጭ አሸዋ፣ ጎንበስ ያለ የኮኮናት ዛፍ፣ ሰማያዊ ውሃ። ፎቶው ላይ ሁሉም ደሴት አንድ ነው። በፎቶ መምረጥ አይቻልም።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው። "ሐረጎን ስትወርዱ ያዞራችኋል?" እላቸዋለሁ። ለደሴ ሰው ይህን ጥያቄ ማብራራት አያስፈልግም። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ገና ከመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ፌስታል የሚጠይቅ ሰው በየሚኒባሱ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ማዕበል ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚጠብቀው ቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዓመት ሙሉ ጓጉቶ፣ የመጀመሪያዋን ቀን አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያሳልፍ ሙሽራ አውቃለሁ።

ስለዚህ እኔ መሻገሪያውን አስቀድማለሁ። የቱ ባሕር ነው? በየትኛው ወር? ስንት ሰዓት ይፈጃል? እነዚህን ከመለሳችሁ ደሴቱ ራሱ ይመጣል። ከዚህ በታች አምስት አማራጮችን አነጻጽራለሁ። ሦስቱ በሕንድ ውቅያኖስ፣ አንዱ በጅቡቲ፣ አንዱ በአገር ቤት ነው። ወሮቹን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው ከቤታችሁ እስከ ወደቡ ያለው መንገድ ነው። ብዙ የጉዞ ምክር ከአዲስ አበባ ይጀምራል። እኛ ግን ከደሴ ነው የምንነሳው። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርባችን ነው። ወይም ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና አለ። በክረምት ጭጋግ ይወርዳል፣ በረራ ይዘገያል። ለዚህ አንድ ቀን ካልመደባችሁ ሌላው ዕቅድ ሁሉ ይናጋል።

ሁለተኛው የመሻገሪያው ርዝመትና የባሕሩ ጠባይ ነው። በደሴት ወይም በኮራል ድንጋይ የተከለለ ውሃ አለ። ክፍት ባሕር ደግሞ አለ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ሦስተኛው ወቅቱ። ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው።

ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ ኢንሹራንስ። ከዚያ ወጪው። በመጨረሻ፣ እዚያ ስትደርሱ በእግራችሁ ወይም በርካሽ ትራንስፖርት ምን ያህል ታያላችሁ? ጾመኛ ወይም ሐላል ብቻ የሚበላ ሰው ምን ይበላል? ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሁለቱም ስላሉ ይህን ጥያቄ አልዘለውም።

ዳር ኤስ ሰላም – ዛንዚባር

"ዛንዚባር" የምንለው ኡንጉጃ የሚባለውን ትልቁን ደሴት ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደዚያ መብረር ይቻላል። ፍላጎታችሁ አሸዋና እረፍት ብቻ ከሆነ በቀጥታ ብረሩ፣ ጀልባውን ተዉት። ባሕሩን መሻገር ራሱ ለሚያጓጓው፣ ወይም የዳር ኤስ ሰላም (ባጭሩ ዳር) ትኬት በርካሽ ላገኘ ሰው ግን ጀልባው ጥሩ ምርጫ ነው።

የሚሻገሩት ትልልቅ ካታማራኖች ናቸው። ከሥር ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ አካላት ያሏቸው ፈጣን ጀልባዎች ማለት ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳሉ። ጉዞው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የውጭ ዜጋ ከአገሬው ሰው የበለጠ ይከፍላል። የተራው ወንበር ዋጋ ለዓመታት 35 ዶላር አካባቢ ቆይቷል። ትኬት ሲቆረጥ ፓስፖርት ይጠየቃል። ወደቡ በር ላይ "ና እኔ ላስቆርጥልህ" የሚሉ ደላሎች ይከብቧችኋል። ዝም ብላችሁ ወደ መስኮቱ ሂዱ፣ ወይም ቀድማችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ። ዛንዚባር ስትደርሱ አገሩ ያው ታንዛኒያ ቢሆንም ፓስፖርታችሁ እንደገና ይታያል። አትደንግጡ።

የዚህ መስመር ትልቁ ጥቅም የሚያወርዳችሁ ቦታ ነው። ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ አሥር ደቂቃ ብትሄዱ ስቶን ታውን ውስጥ ናችሁ። ይህ አሮጌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ ብዙ ቦታ መኪና አይገባም። በሮቹን ቆም ብላችሁ እዩ። ከባድ እንጨት ነው፣ ዳር ዳሩ ሐረግ ተቀርጾበታል፣ መሐሉ ላይ የናስ ጉጦች ተተክለውበታል። ጉጡን በእጃችሁ ብትነኩት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያቃጥላል። ሌላው ሳይታይ የማይታለፈው የቀድሞው የባሪያ ገበያ ነው። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ተዘግቶ ቦታው ላይ ካቴድራል ተሠርቷል። ሰው ይታጎርበት ነበር ተብሎ የሚታየው ምድር ቤት ውስጥ ገብታችሁ ስትወጡ ለተወሰነ ጊዜ ወሬ አታወሩም። ለዚህ ግማሽ ቀን መድቡ።

ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ በምግብ ሻጭ ይሞላል። የሸንኮራ ጭማቂ በሎሚና በዝንጅብል አለ። ኡሮጆ የሚባል ጎምዘዝ ያለ ሾርባ አለ። የተጠበሰ ዓሣና ኦክቶፐስ አለ። ዋጋ ሳትጠይቁ ሳህን አትያዙ።

ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ሐላል ምግብ ፍለጋ መንከራተት የለም። ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ፤ የዋና ልብስ ባሕሩ ዳር ይቅር። በረመዳን ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፤ ማታው ግን ደማቅ ነው። ለኦርቶዶክስ ጾመኛ ደግሞ ጥሩ አገር ነው። በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ በሩዝ ወይም በጫፓቲ በየትንንሹ ምግብ ቤት ይገኛል። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቅመም። ከእኛ ሽሮ ቤት ብዙ የራቀ ስሜት አይሰጥም።

አሁን ወደ ባሕር ዳርቻው ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ ገንዘቡን ያባክናል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት ቦታዎች፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። አንዳንዴ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጠዋት ከመስኮታችሁ ሥር የነበረው ውሃ እኩለ ቀን ላይ የለም። ሴቶች በእርጥቡ አሸዋ ላይ ወርደው የሚያለሙትን የባሕር ሣር ሲለቅሙ ታያላችሁ። ማየቱ ያምራል። መዋኘት ግን አይቻልም። በሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ውሃው ያን ያህል አይሸሽም፣ በማንኛውም ሰዓት ይዋኛል። መዋኘት የሚወድ ወደ ሰሜን፣ ጸጥታና ረጅም የእግር ጉዞ የሚወድ ወደ ምሥራቅ ይሂድ። ወደ ኑንግዊ ታክሲ ውድ ነው። ዳላዳላ የሚባለው የእነሱ ሚኒባስ 116 ቁጥር ያደርሳችኋል። ይጨናነቃል፣ ይቆማል፣ ይዘገያል፤ ግን የታክሲውን ዋጋ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል።

ስለ ወቅቱ ልብ በሉ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ትልቁ ዝናባቸው ነው። ማሲካ ይሉታል። ኅዳር አካባቢ ደግሞ አጭር ዝናብ አለ። እኛ የደሴው ጦሳ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኖ በሐምሌና በነሐሴ ስንበርድ እነሱ ደረቅ ወቅት ላይ ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ ይመቻል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ኩሲ የሚባል ነፋስ ከደቡብ ይነፍሳል። ዳር ከዛንዚባር በስተደቡብ ስለሆነ በተለይ ስትመለሱ ማዕበሉ ፊት ለፊት ይመጣል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ይመጣል፤ ሙቀቱ ይበረታል፣ ውሃው ግን ለስላሳ ነው። የጥር ሙሽራ ዕድለኛ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ የሚሄድ፣ ከአቅሙ በላይ ሰው የጫነ መርከብ ሰጥሞ ብዙ ሰው አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ከዳር ወደ ዛንዚባር የሚሄድ ሌላ ጀልባ ተገልብጧል። ስለዚህ መቶ ብር ለመቆጠብ ብላችሁ አሮጌና የተጨናነቀ ጀልባ ላይ አትውጡ። ስትሳፈሩ ላይፍ ጃኬቱ የት እንዳለ እዩ። መተላለፊያው በሰውና በዕቃ ከተዘጋ ውረዱ፤ ቀጣዩ ጀልባ ይመጣል።

ኡንጉጃ – ፔምባ

ይህ ሁለት የሐሩር ደሴቶችን በትክክል የሚያገናኝ መስመር ነው። ቱሪስት ጥቂት ነው። ፔምባ ኮረብታማና አረንጓዴ ናት። ዐረቦች "አረንጓዴዋ ደሴት" ይሏታል። ሀብቷ ቅርንፉድ ነው። ሻይ ውስጥ ጣል የምናደርጋት ያቺ ጥቁር ቡናማ ነገር በየመንገዱ ዳር በምንጣፍ ላይ ተሰጥታ ትደርቃለች። መጀመሪያ ስትለቀም ሐምራዊና አረንጓዴ ናት፣ ፀሐይ ነው የሚያጠቁራት። መኪናው በመንደሩ ሲያልፍ ሽታው በመስኮት ይገባል። እህቴ "የእማማ ቤት ሸተተኝ" ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቅርንፉድ ወደዚህ በብዛት የተተከለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦማን ሱልጣኖች ዋና ከተማቸውን ወደ ዛንዚባር ባመጡበት ዘመን ነው።

ግን መሻገሪያው ቀላል አይደለም። በሁለቱ ደሴቶች መካከል ያለው ባሕር ክፍት ነው። እኛ የተመለስነው በነሐሴ ነው። ትኬት የሸጠልን ሰው "ላይኛው ፎቅ ከፊት ያለው ወንበር ይመቻል" ብሎ ጨምረን እንድንከፍል አደረገ። ጀልባው ከምኮአኒ ወደብ ከመውጣቱ በፊት ሠራተኞቹ ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ፌስታል አደሉ። እቴቴ "ይሄ ለምንድን ነው?" አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ገባት። የጀልባው ፊት ወደ ላይ ይነሳል፣ አንድ አፍታ አየር ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ይወድቃል። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። አጠገባችን የነበሩ አንዲት የፔምባ እናት "ፖሌ፣ ፖሌ" እያሉ ጀርባዋን ያሹላት ጀመር። አይዞሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ እጇን ይዘው ወደ ታችኛው ፎቅ፣ ወደ ኋላ፣ መሐል ላይ አስቀመጧት። ዓይኗን አስገልጠው አድማሱን በጣት አሳዩአት። ከዚያ በኋላ ተሻላት።

ያንን ነው ለሰው ሁሉ የምናገረው። ታችኛው ፎቅ፣ ከመሐል ወደ ኋላ፣ ዓይን አድማስ ላይ። ስልክ አትመልከቱ። ባዶ ሆድ አትሁኑ፣ ጠግባችሁም አትሳፈሩ። ለጉዞ ማቅለሽለሽ የሚሆን ክኒን ከፋርማሲ ጠይቃችሁ ከመነሳታችሁ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውሰዱ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ።

ፔምባ ሆቴል ጥቂት ነው፤ ባንክና ኤቲኤምም እንደልብ አይገኝም። ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ሂዱ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ካላደራችሁ ድካሙ አይካካስም። ሐረጎ ላይ የሚያስመልሰው ሰው በክረምት ፔምባን ይተው ባይ ነኝ። ትንንሽ አውሮፕላኖችም ስላሉ ልቡ ከፈለገ በዚያ ይሂድ።

ማሄ – ፕራስሊን – ላ ዲግ (ሲሼልስ)

ሲሼልስ 115 ደሴቶች አሏት። ለጀማሪ ግን ሦስቱ ይበቃሉ። ከማሄ ወደ ፕራስሊን በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከፕራስሊን ወደ ላ ዲግ 15 ደቂቃ ብቻ። በአንድ ጉዞ ሦስት ደሴት የምታዩበት፣ መሻገሪያውም አጭር የሆነ መስመር ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ወረቀቱም ቀላል ነው። ሲሼልስ ከኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። የሚያስፈልገው ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት ተሞልቶ የሚከፈልበት የመግቢያ ፈቃድ ነው። ለዚያ የመመለሻ ትኬትና የምታርፉበት ቤት አስቀድሞ መያዝ አለበት። "ሄጄ እፈልጋለሁ" አይሠራም።

ችግሩ ዋጋው ነው። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ጀልባው ሁሉ ከዛንዚባር ይበልጣል። ግን መላ አለው። ትልልቆቹን ሆቴሎች ትታችሁ የቤተሰብ እንግዳ ማረፊያ ያዙ። ምሳችሁን ሩዝና ዓሣ በካርቶን ከሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች ግዙ። በማሄና በፕራስሊን የሕዝብ አውቶብሱ ርካሽ ነው። ላ ዲግ ላይ ደግሞ ብስክሌት ትከራያላችሁ። መኪና እዚያ ጥቂት ነው። ብስክሌት መንዳት የማይችል ሰው ደሴቷ ትንሽ ስለሆነች በእግሩም ይደርሳል፤ ግን ሙቀቱ ቀላል አይደለም።

ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን ጫካ እዩ። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ እዚያ ይበቅላል። ፍሬው ከዕፅዋት ዘር ሁሉ ትልቁ ነው፣ ከ15 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። በተፈጥሮ የሚገኘው በፕራስሊንና አጠገቧ ባለችው ኩሪዩዝ ብቻ ነው። ጫካው ውስጥ ቅጠሉ እርስ በርሱ ሲጋጭ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። ላ ዲግ ላይ ደግሞ ያ በፎቶ የምታውቁት፣ ግራጫ ድንጋይ የተከመረበት ዳርቻ አለ። አንስ ሱርስ ዳርዣን ይባላል። ውሃው በኮራል ስለተከለለ ጥልቀት የለውም። ዋና የማይችል ሰው ወይም ልጅ የያዘ ሳይፈራ ይገባል። አብዛኞቻችን ተራራ ላይ ስላደግን ዋና አንችልም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወቅቱ ከዛንዚባር ጋር የተገላቢጦሽ ነው። ጥር ለሲሼልስ ከባድ ዝናብ የሚወርድበት ነው። ሚያዝያ ግን ሁለቱ ነፋሳት የሚቀያየሩበት ስለሆነ ባሕሩ ይተኛል፣ ውሃውም ጥርት ይላል። እኛ የሄድነው በሚያዝያ ነው። ከፔምባ በኋላ ጀልባ ላለመውጣት ምላ የነበረችው እቴቴ ከማሄ እስከ ፕራስሊን ስታወራ ነው የደረሰችው። ጥቅምትም እንዲሁ ጥሩ ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይበረታል፤ ያቺ አንድ ሰዓት ራሷ ትረዝማለች።

ጅቡቲ – ሙሻ

በመኪና የሚደረስበት ብቸኛው የባሕር አማራጭ ይህ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌና በሰመራ አድርጎ ጋላፊ ላይ ድንበር ይሻገራል። ሰኞ ከሆነ ባቲ ገበያ ቆም ማለት ነው። መንገዱ ግን የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ ረጅምና ሞቃት ነው።

ሙሻ ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ያለች ዝቅ ያለች የኮራል ደሴት ናት። ከተማ የላትም። በሞተር ጀልባ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስባት ቦታ ናት። ውሃና ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ባሕረ ሰላጤውን ሰውና መኪና ጭኖ ወደ ታጁራና ኦቦክ የሚሻገር ፌሪም አለ። ከኅዳር እስከ የካቲት ደስ ይላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ግዙፍ ግን ሰው የማይነካ ዓሣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል። በክረምት ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ አልመክርም። ቅርብ ነው ብላችሁ ርካሽ እንዳይመስላችሁ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ ኑሮው ውድ ነው።

አገር ቤት፦ ሐይቅና ጣና

ፓስፖርት ለሌለው፣ ወይም ዘንድሮ በጀቱ ላልደረሰ ሰው። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ዓሣ ጥብስ በልቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያጸኑት የእስጢፋኖስ ገዳም ያኔ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከመሬት ጋር ተያይዟል። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ላይፍ ጃኬት ሳይኖር ጀልባ ላይ አትውጡ።

ጣና እውነተኛ የደሴት ጉዞ ነው። 37 ያህል ደሴቶች አሉት። ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና ደቅ ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ለሴትም ክፍት ናቸው። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ግን ለወንድ ብቻ ናቸው። ባልና ሚስት ሆናችሁ ስትሄዱ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፤ አንዱ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ሌላውን ሲጠብቅ ያሳዝናል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጠዋት ውጡ። ከደሴ በወልድያና በደብረ ታቦር በኩል ሙሉ ቀን ይፈጃል። የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ካለፈ ሹፌር ጠይቁ።

ባጭሩ ሲታይ

| መስመር | መሻገሪያው | ጥሩው ወቅት | የሚከብደው ወቅት | ወጪ | በተለይ ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ዳር – ዛንዚባር | 2 ሰዓት ገደማ፣ መካከለኛ ማዕበል | ታኅሣሥ–የካቲት፤ ሰኔ–ጥቅምት ደረቅ ግን ነፋሻ | መጋቢት አጋማሽ–ግንቦት | መካከለኛ | ለጥር ሙሽራ፣ ታሪክ ለሚወድ |
| ኡንጉጃ – ፔምባ | ክፍት ባሕር፣ ከባድ | ታኅሣሥ–የካቲት | ሐምሌና ነሐሴ፣ የዝናብ ወራት | መካከለኛ | ለለመደ ተጓዥ |
| ማሄ – ፕራስሊን – ላ ዲግ | 1 ሰዓት፣ ከዚያ 15 ደቂቃ | ሚያዝያ፣ ጥቅምት | ጥር በዝናብ፤ ሰኔ–መስከረም በነፋስ | ከፍተኛ | ለሚያዝያ ሙሽራ፣ ዋና ለማይችል |
| ጅቡቲ – ሙሻ | አጭር፣ የቀን ጉዞ | ኅዳር–የካቲት | ክረምት | መካከለኛ ወደ ከፍተኛ | በመኪና ለሚሄድ |
| ሐይቅ፣ ጣና | አጭር፣ የሐይቅ ውሃ | ጥቅምት–የካቲት | ሐምሌና ነሐሴ | ዝቅተኛ | ለቤተሰብ፣ ለገዳም ተሳላሚ |

እኔ ብሆን

በጥር ተጋብቼ ቢሆን ዛንዚባር። ሁለት ሌሊት ስቶን ታውን፣ አራት ሌሊት ኑንግዊ። ስሄድ በጀልባ፣ ስመለስ ከዛንዚባር በቀጥታ በአውሮፕላን።

በሚያዝያ ቢሆን ገንዘቡ እስኪሞላ ጠብቄም ቢሆን ሲሼልስ። ማሄ ላይ አንድ ሌሊት ብቻ አድሬ ቀሪውን ለፕራስሊንና ለላ ዲግ እሰጣለሁ። ገንዘቡ ካልደረሰ ግን በማሲካ ዝናብ ዛንዚባር ከመሄድ ጉዞውን ወደ ሰኔ መጨረሻ አሸጋግራለሁ። ጫጉላ ሁለት ወር ቢዘገይ ምንም አይደለም።

ልጆች ይዤ በክረምት ቢሆን ዛንዚባር በቀጥታ በረራ፣ ማረፊያው በሰሜን። ጀልባ እንዲያዩ ከስቶን ታውን ቻንጉ ወደምትባለው ደሴት በትንሽ ጀልባ አሻግራቸዋለሁ። ቅርብ ነው፣ ግዙፎቹ ኤሊዎችም እዚያ አሉ። እናትና አባቴን ይዤ ቢሆን ደግሞ ጣና፤ አባቴ ብቻ ከሆነ ሐይቅ እስጢፋኖስ። ብቻዬን፣ ሻንጣዬ ቀላል ሆኖ፣ በታኅሣሥ ቢሆን ፔምባ ነኝ።

ሳትረሱ

ለታንዛኒያ ቪዛ ያስፈልጋል። ከጉዞው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሩት። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከውጭ እንግዳ ሁሉ የራሷን ኢንሹራንስ ትጠይቃለች፤ 44 ዶላር ነው። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይተካውም። የቢጫ ወባ ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው ለታንዛኒያም ለሲሼልስም ግዴታ ነው። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ዶላር ከባንክ ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ስለሚጠየቅ ወረቀቱን በዚህ ቅደም ተከተል አስኪዱት። ታንዛኒያ ውስጥ አሮጌና የተቀደደ የዶላር ኖት አይቀበሉም፤ ባንክ ስትቀበሉ አንድ በአንድ እያያችሁ አስቀይሩ።

በመጨረሻ የኮምቦልቻውን በረራ ከአዲስ አበባው ዓለም አቀፍ በረራ ጋር በአንድ ቀን አታገናኙት። ስትሄዱ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ እደሩ። ስትመለሱም እንደዚያው። በተለይ በሐምሌ ሐረጎ ላይ ጭጋጉ ሲወርድ ከፊታችሁ ያለው መኪና እንኳ አይታይም፤ ያን ቀን ከደሴ በማለዳ ውጡ።